የዘይነብ ፊት በባሱ መስታወት ላይ

እህቴ ዘይነብ አትሰማም፤ አትናገርምም። ገና ሕፃን ሳለች ብርቱ ትኩሳት ይዟት ነበር፤ ከሞት ተርፋ ስትነሳ ጆሮዋ አብሯት አልተነሳም። እናታችን ስትሞት እኔ ካርቱም ሰው ቤት እሠራ ነበር። ለለቅሶ ወሎ ስገባ ዘይነብ ከግቢ እንጨት ላይ ተቀምጣ የገባና የወጣውን ሰው አፍ አፍ ታያለች። የእጇን ቋንቋ ከእኔ በቀር የሚያውቅላት አልነበረም። እሱም ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ሳይሆን ከልጅነታችን ጀምረን ሁለታችን የሠራነው ነው፤ ጨው እንዲህ፣ ዝናብ እንዲህ፣ ተቆጥቻለሁ እንዲህ እያልን። ዘመዶቼ እዚያ ባዕድ አገር ምን ታደርጊያታለሽ ቢሉኝም ይዣት ተመለስኩ።

ካርቱም፣ ካላክላ ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት አብረን ወደ አሠሪዎቼ ቤት እንሄዳለን፤ እኔ አበስላለሁ፣ እሷ ታጥባለች። ያኔ እንደ ዛሬው ከሰው ጋር የምጫወት ሴት አልነበርኩም። ብዙ ቤት ሠርቻለሁ፤ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ሰው ለማያውቀው ሰው አይደክምም፣ ቢደክምም የሚፈልገው ነገር አለ ብዬ አምን ነበር። ሥራዬን ጨርሼ፣ የእህቴን እጅ ይዤ፣ ቤቴ ገብቼ በሬን እዘጋለሁ። ኑሮዬ ይኸው ነበር።

ጦርነቱ ሲጀመር አሠሪዎቼ ወደ ግብፅ ወጡ። እኛ ዛሬ ይቆማል ነገ ይቆማል እያልን ከረምን። ከዚያ አንድ ቀን የጎረቤታችን ጣሪያ ተመታና ግድግዳችን ተሰነጠቀ። ዘይነብ ድምፁን ባትሰማም መሬቱ ሲንቀጠቀጥ በእግሯ ታውቀዋለች፤ መጥታ ክንዴን ይዛ አልለቅም አለች። በማግስቱ ጠዋት ልብሳችንን በአንድ ቦርሳ አድርገን፣ ወደ መደኒ ከተማ የሚሄዱ ባሶች የሚቆሙበት ወደ ሶባ መንገድ ሄድን።

መውገፉ፣ ማለት የባስ መቆሚያው፣ በሰው ተሞልቶ ነበር። አልጋ የተሸከመ አለ፣ ፍየል የያዘ አለ። የባሶቹ በር ገና ሳይከፈት ሰው በመስኮት ይገባል። እጇ በእጄ ነበረ። ድንገት ከበስተጀርባችን ተኩስ ተከፈተ። ሰው ሁሉ ወደ ባሶቹ ተንጋጋ። አንድ ሰውዬ ትልቅ ሻንጣውን ደረቱ ላይ አቅፎ በመሃላችን ገባ፤ እጇ ከእጄ ወጣ። እኔ ወደቅሁ። ስነሳ ቆመው የነበሩት ባሶች በሙሉ ሄደዋል፤ አቧራው ብቻ ቀርቷል።

ዘይነብ ተኩሱን አልሰማችም። ሰው ሲሮጥ አይታ ነው የሮጠችው።

ኢቃማዋ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነበር። ሞባይል የላትም፤ ምን ታደርግበታለች? ስምሽ ማነው ቢሏት አትመልስም፤ ስሟን ቢጠሯትም አትዞርም። እስኪመሽ ድረስ መንገዱን ላይ ታች ስል ዋልኩ። ምናልባት ባስ ሳትሳፈር ቀርታ ወደ ቤት ተመልሳ እንደሆነ ብዬ ወደ ካላክላ ሮጥኩ። የለችም። ሲነጋ ደግሞ ወደ ሶባ።

እዚያ አንድ ሽማግሌ ሹፌር አገኘሁ፤ ሁሉም ዓም ኢድሪስ፣ አጎት ኢድሪስ እንደ ማለት፣ ይሉታል። ከመደኒ ባዶውን ተመልሶ ሰው ሊጭን የቆመ ነው። ነገሬን ሁሉ አዳመጠኝና ፎቶ አለሽ ወይ አለኝ። አንድ ፎቶ ነበረኝ። ባለፈው ዒድ ጓደኛዬ እጇን ዘርግታ በሞባይሏ ያነሳችን፣ ሴቶች ተሰብስበን የምንስቅበት ፎቶ ነው። ዘይነብ ፎቶ ስለማትወድ ከኋላ ዳር ላይ ናት፤ ፊቷ ምስር ያክላል። ዓም ኢድሪስ ስልኩን አራቀው፣ አቀረበው፣ በጣቱ አሰፋው። ሲሰፋ ፊቷ ጠፍቶ ቡናማ አራት ማዕዘን ብቻ ሆነ።

እንዲህ አለኝ፦ እኛ ሹፌሮች ብዙ ነን፤ ከዚህ እስከ ገዳሪፍ በየከተማው እንቆማለን። የሚታይ ነገር ቢኖር እናሳይልሽ ነበር። ግን ይህን እኔም ማየት አልቻልኩም። ኔትወርኩ ጠፍቷል፣ ፎቶ ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል። ከዚያ ወደ ባሱ ጀርባ ወሰደኝ። በጥቁሩ የኋላ መስታወት ላይ የልጁ ስም በነጭ ስቲከር አምሮ ተጽፏል። ይህን የሠራችው ካላክላ ገበያ ያለች ሐበሻ ናት፣ ካልወጣች እሷን ጠይቂ አለኝ።

ሮማን የምትባለውን ሴት ያገኘኋት የሱቋን መዝጊያ ግማሽ ድረስ አውርዳ ነው። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ወላጆቿ ጎንደሬዎች ናቸው፤ እሷ ግን ካርቱም ተወልዳ ያደገች በመሆኗ አማርኛዋ ግማሹ ዐረብኛ ነው። ሥራዋ ለሐፍላ ማለት ለባስ፣ ለረክሻ ማለት ለባጃጅ ስምና ጌጥ፣ ለሱቅ ማስታወቂያ ከስቲከር እየቆረጠች መለጠፍ ነበር። በዚያ ሰዓት የመቁረጫ ማሽኗን በብርድ ልብስ ጠቅልላ በገመድ እያሰረች ነው።

"መዓሌሽ፣ ይቅርታ እህቴ፣ ዘግቻለሁ" አለችኝ ቀና ሳትል። "ወንድሜ በመኪና እየመጣ ነው።"

እኔ ስልኩን ዘረጋሁላት። አንደበቴ ተሳስሮ ስለነበር የነገርኳት ትንሽ ነው፤ አትሰማም፣ ጠፋችብኝ፣ ፊቷ ይኸው። ሮማን ስልኩን ተቀብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ የማሽኑን ገመድ መፍታት ጀመረች።

ጣሪያዋ ላይ የፀሐይ መብራት ሰሌዳ፣ ወንበሯ ሥር አሮጌ ባትሪ ነበራት። ኮምፒውተሩን አበራች። እኔ ፎቶውን አሳድጋ የምታትም መስሎኝ ነበር። አይደለም አለችኝ፤ ማሽኑ ቀለም የለውም፣ ያለው ቢላዋ ነው። ቢላዋ ደግሞ ፎቶ አያውቅም፣ የሚያውቀው መስመር ብቻ ነው።

"ሹፊ፣ ተመልከቺ፣ ፎቶ ስታሳድጊው ይሞታል። መስመር ግን የፈለግሽውን ያህል አሳድጊው፣ ያው ነው። ፊቷን መስመር ማድረግ አለብኝ።"

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲሠራው አደረገች። ወዲያው ጨረሰው። ስክሪኑ ላይ የወጣው ግን የፈሰሰ ጥቁር ቀለም ይመስላል፤ ጉንጯና የሻርፗ ጥላ አንድ ላይ ተዋህደዋል፣ በየቦታው ጤፍ ጤፍ የሚያክል ቁርጥራጭ ተበትኗል። እኔ በጭንቀቴ ይበቃል ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር። ሮማን ግን ራሷን ነቀነቀች። ቢላዋው ይህን ሁሉ ብጥስጣሽ ቢቆርጥ የመጀመሪያው ነፋስ ይወስደዋል፤ ባይወስደውም ከሩቅ የሚያይ ሰው ቆሻሻ ነው ብሎ ያልፈዋል አለች። ሁሉንም አጠፋችው። ፎቶውን ከበታች አደብዝዛ አስቀምጣ ከላይ በእጇ መሳል ጀመረች።

ነጥብ ታስቀምጣለች፣ ከነጥቡ ላይ መስመሩን ትስባለች፣ መስመሩ እንደ ቅስት ይጎብጣል። ካልጣማት ታጠፋዋለች። ነጥብ የበዛበት መስመር ይንቀጠቀጣል፣ ቢላዋውም አብሮ ይንቀጠቀጣል እያለች፣ አንዴ የሠራችውን ደግማ ነጥቡን ትቀንሳለች። ውጭ አልፎ አልፎ ከባድ መሣሪያ ይጮሃል፤ የመዝጊያው ቆርቆሮ ይንጫጫል። እጇ ቆም ይልና ይቀጥላል።

ፎቶው የማያሳየውን ከእኔ ትጠይቀኝ ጀመር። እኔ ቆንጆ ናት፣ ቀይ ዳማ ናት፣ እንዲህ እንዲህ እላለሁ። እሱን አልፈልግም አለችኝ። ሰው ሲያናግራት ምን ታያለች? አፉን አልኳት። አፉን ስታይ ቅንድቧ ምን ይሆናል? ተነስቼ እንደ ዘይነብ ሆኜ አሳየኋት፤ ቅንድቤን ወደ ላይ፣ አገጬን ትንሽ ወደ ፊት። እሷም እኔን እያየች መስመሩን ከፍ አደረገችው። ፎቶው ላይ ዘይነብ ትስቃለች። ሮማን ስለ ሳቋ ስትጠይቀኝ፣ የምትስቀው ከምታውቀው ሰው ጋር ብቻ ነው አልኳት። እሷም አሰብ አደረገችና፣ እንግዲያው አሁን አጠገቧ ያሉት ሰዎች ስትስቅ አያዩአትም አለች። የስዕሉን አፍ ዘጋችው። በዚያች ቅጽበት ስክሪኑ ላይ እህቴ ብቅ አለች። እንባዬ መጣ፤ ሮማን ግን ገና አልጨረሰችም።

ዘይነብ በልጅነቷ ወድቃ ቅንድቧ ተተርትሮ ስለነበር መሃሉ ላይ ፀጉር የሌለው ክፍተት አለ። ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው ብዬ ነግሬያታለሁ። በግራዋ ነው አልኩ። ፎቶው ላይ ጥላ ቢሸፍነውም ሮማን ጠጋ ብላ ስታይ ክፍተቱ በዘይነብ ቀኝ በኩል ነው።

"የማን ግራ? ያንቺ ነው የሷ?" አለችኝ።

ስንት ዓመት አብሬያት የኖርኩ፣ የማውቀው ነገር ሁሉ ጠፋብኝ። ሮማን አላስቸኮለችኝም። ዓይንሽን ጨፍኚና ፊቷን እጠቢላት አለችኝ። ጨፈንኩ። ትንሽ ሳለች እንደማደርገው ከፊቴ አቆምኳት፤ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ፤ አውራ ጣቴ ክፍተቷ ላይ አረፈ። በግራዋ ነው፣ እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ሮማን ፎቶውን እንደገና አሰፋችው። ከፊት ያለችው ልጅ ልብስ ላይ የዐረብኛ ጽሑፍ ነበረ፤ ጽሑፉ ተገልብጧል። ስልኩ እንደ መስታወት አድርጎ ነው ያነሳው። የሠራችውን ፊት በሙሉ ገለበጠችው፤ ክፍተቱ ቦታው ገባ።

ወንድሟ የመጣው በዚህ መሃል ነው። መኪናው ሰው ሞልቶበታል፤ ሞተሩን አላጠፋም። ያላ፣ ያላ፣ ቶሎ በይ እያለ መዝጊያውን መታ። በዐረብኛ ተነጋገሩ፤ መጀመሪያ በዝግታ፣ ቀጥሎ በቁጣ። መንገዱ ሊዘጋ ነው ይላታል። እሷ ስክሪኑን ታሳየዋለች። እኔ ሂጂ አልኳት፤ ከልቤ ነው ያልኳት፣ ሌላ ሰው በእኔ ምክንያት እንዲሞት አልፈልግም። ሮማን ለወንድሟ ልጆችህን ይዘህ ሂድ፣ እኔ በዓም ኢድሪስ ባስ እከተልሃለሁ አለችው። ቆሞ አያት። ከዚያ ግንባሯን ስሟት ወጣ። የመኪናው ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ እጇ ጠረጴዛው ላይ እንዳረፈ ቀረ፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከፊቷ በታች ምን እንጻፍ ተባባልን። ስም አይጠቅምም። ስልክ አይሠራም። በመጨረሻ በትልልቅ ዐረብኛ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "አትሰማም። እህቷ ትፈልጋታለች። ካያችኋት ለባሱ ሹፌር ንገሩ።"

ጥቅል ነጭ ስቲከር ማሽኑ ላይ አስገባች። ቢላዋው ሲሄድ ድምፁ ወረቀት ላይ እንደሚንቀሳቀስ ጥንዚዛ ነው። ተቆርጦ የወጣው ግን ባዶ ነጭ ወረቀት ይመስላል፤ መስመሩ አይታይም። ትርፉን መንቀል አለብን አለችኝና ጫፏ ሹል የሆነ ወረንጦ ሰጠችኝ። አነሳሱን አሳየችኝ፤ ቀስ ብሎ፣ ወደ ጎን እየሳቡ። ነጩ ትርፍ ሲላቀቅ መጀመሪያ አንድ ዓይን፣ ቀጥሎ አፍንጫ፣ ቀጥሎ ያ የተተረተረ ቅንድብ ወጣ። አንድም ቁራጭ አልረገፈም። ሁሉም መስመር ተያይዞ ነበር፤ ለካ በነጥብ ስትለፋ የዋለችው ለዚህ ነው። ባትሪው አልቆ ማሽኑ ቀጥ እስኪል ድረስ እሷ እየቆረጠች እኔ ስነቅል ዋልን። ሰሌዳው ፀሐይ ሲያገኝ በማግስቱ ቀጠልን።

ዓም ኢድሪስ ስቲከሩን ከባሱ ጀርባ ስንለጥፍለት እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ራቅ ብሎ ቆመ። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ፣ አሁን አየኋት አለ። የቀረውን ጥቅልል ለጓደኞቹ ይዞ ሄደ።

መጠበቁ ከባድ ነበር። ሮማን ሱቅ ውስጥ አብረን እናድራለን፤ እሷ ማተቧን ይዛ ትጸልያለች፣ እኔ እሰግዳለሁ፤ ያለንን ፉል አብረን እንበላለን። ስለ እህቴ ታገኛታለሽ ብላ አንድ ቀን አላጽናናችኝም። በዚያ ፋንታ ታሠራኝ ነበር፤ እንዴት እንደሚለጠፍ፣ ከሥሩ አየር እንዴት እንደሚወጣ። አንድ ሹፌር መጥቶ አንዲት ልጅ ተገኝታለች ቢለኝ በደስታ ልሞት ነበር፤ ምልክቷን ስጠይቀው ሌላ ሰው ሆና ተገኘች። ያን ቀን ሮማን ከአጠገቤ ሳትለይ ዋለች።

ዓም ኢድሪስ ተመልሶ ሲመጣ ከባሱ ሳይወርድ በመስኮቱ ነው የጠራኝ። ከመደኒ በፊት ባለች ከተማ፣ ባሶቹ በሚቆሙበት ቦታ ሻይ የምትሸጥ ሴት አለች። ባሱ ዞሮ ሲቆም ጀርባውን አይታ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች፤ ሄዳም አንዲት ልጅ በእጇ ይዛ መጣች። ልጅቱ እዚያ ወርዳ፣ ከመቆሚያው አልሄድም ብላ፣ የሚመጣውን ባስ ሁሉ ስታይ ነው የሰነበተችው። ሴትዮዋ ታበላታለች፣ ማታ ማታ ቤቷ ታሳድራታለች።

"ነይ ልውሰድሽ ብላት እምቢ አለች" አለኝ ዓም ኢድሪስ። "ሁለት እጇን መስታወቱ ላይ አድርጋ ቆመች። ስሄድም በዓይኗ ሸኘችኝ። ቅንድቧን አይቻለሁ፤ እሷ ናት።"

በዚያው ሰዓት ተነሳን። ሮማን ማሽኗን በብርድ ልብሱ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አድርጋ ተሳፈረች። መንገዱ ሁሉ ፍተሻ ነው፤ ዓም ኢድሪስ በየቦታው ወርዶ ይለማመጣል። እኔ ምንም አላስታውስም፤ የማስታውሰው ሮማን ክንዴን መያዟን ነው።

ዘይነብ ከአንድ ኒም ዛፍ ሥር፣ ከሻይ ሻጯ ዝቅተኛ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። ባሱን አየችው፤ እኔን ግን አላየችኝም። ወርጄ በፊቷ ቆምኩ። እንደምትጮህ፣ እንደምታቅፈኝ ነበር የጠበቅሁት። እሷ ግን ተነስታ ፊቴን ዳሰሰች፣ ትከሻዬን ዳሰሰች፣ ያልቆሰልኩ መሆኔን አረጋገጠች። ከዚያ በሁለት እጇ ተቆጥቻለሁ አለችኝ። ለምን ዘገየሽ አለችኝ። ደጋግማ ተቆጣችኝ። እኔም እያለቀስኩ ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ እላታለሁ። ሻይ ሻጯ ሴት ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ቁጣዋ ሲያልቅ ነው ደረቴ ላይ የወደቀችው።

ቆይታ እጄን ይዛ ወደ ባሱ ጀርባ ወሰደችኝ። ይህን ማን ሠራው አለችኝ። ሮማንን አሳየኋት። ዘይነብ ሮማንን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ተመልሳም ስዕሏን አየች። መስመሩን በጣቷ ተከትላ አፍንጫው ላይ ስትደርስ ቆመችና የራሷን አፍንጫ ይዛ ራሷን ነቀነቀች። ይህን ያህል ትልቅ አይደለም ማለቷ ነው። ስተረጉምላት ሮማን እስኪያማት ድረስ ሳቀች፤ ከሳቋ መሃል ማልቀስ ጀመረች። ዘይነብም ሳቀች። ከሮማን ጋር ያን ጊዜ ተዋወቁ።

አሁን ተኩሱ ጋብ ብሎ ወደ ካርቱም ተመልሰናል። የሮማን ሱቅ በሩ ሳይቀር ተወስዶ ነበር፤ ሌላ በር ገጠምንለት። እኔ የሰው ቤት ሥራ ትቻለሁ። ስቲከር እነቅላለሁ፣ እለጥፋለሁ፤ መስመር መሳልም ከሮማን ተምሬያለሁ፣ እንደ እሷ ባይሆንም። ዘይነብም አብራን ትሠራለች፤ የሰው ፊት በመሳል ከእኔ ትበልጣለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሰው በዓይኗ ስታዳምጥ የኖረች ናትና። ዛሬም የጠፋ ሰው ፎቶ ይዘው የሚመጡ አሉ። የምናገኝላቸው ጥቂቶቹን ነው። ያልተገኙት ይበዛሉ፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም።

እኔ ግን ያ ቀን ካገናኘኝ ሰው በኋላ በሬን ዘግቼ የምኖር ሴት መሆን አልቻልኩም። ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ጦርነት ስለ ሰው ልጅ ክፉ ክፉውን ብቻ ያስተምራል ብትሉ አልፈርድባችሁም፤ እኔም ያየሁትን አይቻለሁ። ነገር ግን በዚያው ጦርነት፣ የማታውቃትን ልጅ ቅንድብ ለማስተካከል ከመኪና የቀረች ሴትም አይቻለሁ። ሁለተኛውንም አብሬ ካልነገርኳችሁ ወሬዬ ጎዶሎ ይሆናል።

አንድ ጊዜ ብቻ ጠይቄያታለሁ። ተመልሰን ሱቁን እየጠረግን ሳለ፣ ያን ቀን ወንድምሽ ሲጠራሽ ለምን አልሄድሽም አልኳት። መጥረጊያዋን አቁማ፣ ነገሩ ጥያቄ መሆኑ የገረማት ይመስል አየችኝ።

"ፊቷ ገና ግማሽ ነበር" አለችኝ። "ግማሽ ፊት ትቼ የት እሄዳለሁ?"